ማን ተሸለመ? ማን ተዘለለ? የፊልም ሽልማት ሙግት ከነደንቡ

የፊልም ሽልማት በተሰጠ ማግስት የሚነሱት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ያሸነፈው ይገባው ነበር ወይ? እገሌስ ለምን ተዘለለ? መድረኩንስ ለምን እንዲያ አድርገው መሩት? ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ አራት ኪሎ በሚወርደው ታክሲም ሆነ በቦሌ ካፌዎች፣ ስለ ጉማም ተወራ ስለ ኦስካር፣ ክርክሩ ከእነዚህ ሦስቱ ብዙም አይወጣም። በአብዛኛውም “ተሠርቶበታል”፣ “ነገሩ በትውውቅ ነው” በሚል ድምዳሜ ይዘጋል።

ድምዳሜው አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ሰውን ከማማት በፊት ደንቡን የተመለከተ ተከራካሪ ብዙውን ጊዜ የተሻለ መልስ ያገኛል። ማን አቀረበው? ማን መረጠው? ድምፁ እንዴት ተቆጠረ? የኢትዮጵያ ፊልሞችና ኢትዮጵያውያን፣ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ጭምር ያለፉባቸው የሽልማት መድረኮች ለዚህ በቂ ምሳሌ አላቸው። (በዚህ ጽሑፍ “ዓ.ም.” ያልተባለባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዳኛ የሸለመው እና ተመልካች የሸለመው

“ሽልማት አገኘ” የሚለው ቃል በጣም የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። ሁለት የኢትዮጵያ ፊልሞችን እናነጻጽር።

የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ “ጤዛ” በ2008 በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ልዩ የዳኞች ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን ወሰደ። የዳኞቹ ሰብሳቢ ጀርመናዊው ዳይሬክተር ቪም ቬንደርስ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በ2009 ደግሞ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ በሚካሄደው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት፣ የየኔንጋ የወርቅ ፈረስን አገኘ። ፌስፓኮ ከ1969 ጀምሮ ያለ የአፍሪካ ሲኒማ ትልቁ መድረክ ነው። በሁለቱም ቦታ የፈረዱት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ፊልሞቹን በሙሉ አይተው፣ ተሰብስበው ተከራክረው የወሰኑ ባለሙያዎች።

የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ “ድፍረት” ደግሞ በ2014 በአሜሪካው ሰንዳንስ ፌስቲቫል በዓለም አቀፍ የልብ ወለድ ፊልሞች ዘርፍ የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ። በዚያው ዓመት በበርሊን ፌስቲቫል “ፓኖራማ” በተባለው ክፍልም እንዲሁ የተመልካቾች ሽልማት አገኘ። እዚህ የፈረደው ትኬት ቆርጦ የገባው ሕዝብ ነው። ስለዚህ “ድፍረት በርሊን ላይ አሸነፈ” ማለት የወርቅ ድቡን ወሰደ ማለት አይደለም። ያ ሽልማት ሌላ ውድድር፣ ሌላ ዳኛ አለው። ይህን መለየት ፊልሙን ማሳነስ አይደለም። ስለ ጠለፋ ጋብቻ የሚናገር የአማርኛ ፊልም ቋንቋውን የማያውቁ ተመልካቾችን በሁለት አህጉር መማረኩ በራሱ ትልቅ ነገር ነውና።

ሁለቱ መንገዶች የየራሳቸው ድክመት አላቸው። የዳኞች ፍርድ የጥቂቶችን ጣዕም ይከተላል፤ አንድ ጠንካራ ተናጋሪ ክፍሉን ሊያዘነብለው ይችላል። የሕዝብ ድምፅ በበኩሉ ብዙ ሰው ያየውን ይሸልማል፤ በጥቂት አዳራሽ ለጥቂት ቀን የታየ ፊልም፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ድምፅ የሚሰጠው አያገኝም። በሀገራችን በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ከሚቀርበው የ“ለዛ” ፕሮግራም የተወለደው የለዛ ሽልማት በአድማጮች ድምፅ ላይ የቆመ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሽልማት የተሸነፈ ሰው “ዳኞቹ በደሉኝ” ቢል አቤቱታው ቦታውን ስቷል። በዳኞች በሚሰጥ ሽልማት የተሸነፈ ደግሞ “ሕዝብ እኮ ይወደኛል” ቢል መልስ አይሆነውም።

“ተዘለለ” ሲባል የት ላይ ነው የተዘለለው?

አንድ ፊልም ከሽልማት ዝርዝር የሚወጣባቸው በሮች ቢያንስ አራት ናቸው። ባለቤቱ ሳያቀርበው ሊቀር ይችላል፤ ቢያቀርበውም ደንቡን ላያሟላ ይችላል፤ ደንቡን ቢያሟላም መራጩ ኮሚቴ ሊተወው ይችላል፤ ይህን ሁሉ አልፎም ድምፅ ሊያጥረው ይችላል። አራቱም በማግስቱ “ተዘለለ” ይባላሉ። ፊት መንሳት የሚባለው ግን የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው።

ኦስካር ለውጭ ሀገር ፊልሞች የሚሰጠውን ሽልማት እንውሰድ። ዘርፉ እስከ 2019 “የውጭ ቋንቋ ፊልም” ይባል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ “ዓለም አቀፍ ፊልም” ተብሏል። አንድ ሀገር በዓመት ማቅረብ የሚችለው አንድ ፊልም ብቻ ነው። ፊልሙን የሚመርጠውም የአሜሪካው አካዳሚ ሳይሆን በዚያው ሀገር ያለ፣ በአካዳሚው የታወቀ ኮሚቴ ነው። ፊልሙ በሲኒማ ቤት ቢያንስ ለሰባት ተከታታይ ቀናት ለሕዝብ መታየት አለበት፤ ከንግግሩም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ መሆን ይጠበቅበታል።

ኢትዮጵያ በዚህ በር ለመጀመሪያ ጊዜ የገባችው በአበበ ቢቂላ ሕይወት ላይ በተሠራው “አትሌቱ” ነው። ራስ ሥላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል በጋራ ያዘጋጁት ይህ ፊልም ለ2011ዱ ሥነ ሥርዓት ቀረበ። ቀጥሎ “ድፍረት”፣ ከዚያ የያሬድ ዘለቀ “ላምብ”፣ ከዓመታት በኋላም ጀርመናዊው ያን ፊሊፕ ቫይል ያዘጋጀው “ሩኒንግ አጌንስት ዘ ዊንድ” ቀርበዋል። ከአራቱ አንዱም ወደ መጨረሻዎቹ አምስት እጩዎች አልዘለቀም። “ላምብ” በ2015 በካን ፌስቲቫል “አን ሰርተን ሪጋርድ” በተባለው ክፍል የታየ፣ በካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመግባትም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ካን ተቀብሎት ኦስካር ላይ ግን አላለፈም። የካን መራጮችና የኦስካር መራጮች የተለያዩ ሰዎች በመሆናቸው የአንዱ ይሁንታ ለሌላው ዋስትና አይሆንም።

በዶክመንተሪው ዘርፍ ደግሞ በሐረር ያደገችው የጄሲካ በሽር “ፋያ ዳዪ” አለ። በሐረር አካባቢ የጫት ሕይወት ላይ የተሠራው ይህ ፊልም ለ2022ቱ ኦስካር ከመጨረሻዎቹ 15 ዶክመንተሪዎች አንዱ ሆኖ ከአምስቱ እጩዎች ግን ሳይገባ ቀርቷል። ይህኛው በትክክል “ድምፅ አነሰው” የሚባለው ዓይነት ነው።

ከእነዚህ ዓመታት ይልቅ የኢትዮጵያ ስም ከዝርዝሩ ጨርሶ የታጣባቸው ዓመታት ይበዛሉ። በእነዚያ ዓመታት ሆሊውድ አልዘለለንም፤ ሳይቀርብለት መዝለል አይችልምና። ጥያቄው ለራሳችን ነው። ኮሚቴው ማን ነው? መቼ ይሰበሰባል? ፊልም ሠሪው የማስገቢያ ቀኑን በምን ያውቃል?

ጎረቤቶቻችን በደንቡ ሳቢያ የገጠማቸውን ማየትም ይጠቅማል። በ2018 የኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ “ራፊኪ” በሀገሯ ፊልም ቦርድ ታገደ። የሁለት ሴቶችን ፍቅር የሚተርክ በመሆኑ ነው። ዳይሬክተሯ ፍርድ ቤት ሄዳ እገዳው ለሰባት ቀን እንዲነሳላት አስደረገች። የሰባቱ ቀን ምክንያት ከላይ የጠቀስነው ደንብ ነው። ፊልሙ ታየ፤ ተመልካች ጎረፈ። የኬንያ ኮሚቴ ግን “ሱፓ ሞዶ” የተባለውን ሌላ ፊልም መርጦ ላከ። “ራፊኪ” የተዘለለው ናይሮቢ ላይ ነው።

በ2019 ደግሞ ናይጄሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበችው የጄኔቪቭ ናጂ “ላየንኸርት” ከውድድሩ ተሰረዘ። አብዛኛው ንግግሩ በእንግሊዝኛ በመሆኑ ነው። እንግሊዝኛ የናይጄሪያ የሥራ ቋንቋ ነው፤ ወደ ሀገሪቱ ያመጣውም ቅኝ ግዛት ነው። ስለዚህ ብዙዎች ደንቡን ተቃወሙ። ቅሬታቸው ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ሆኖም ደንቡ ቀድሞ የተጻፈ ነበር። የአማርኛ፣ የኦሮምኛ ወይም የትግርኛ ፊልም በዚህ በኩል ችግር የለበትም። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ የሚሠሩት ፊልም ግን እዚያው በር ላይ ይቆማል።

ብዙ ድምፅ ያገኘ የሚሸነፍበት ጊዜ አለ

በኦስካር የምርጥ ፊልም ሽልማት “ሁሉም ሰው የሚያወራለት” ፊልም ሲሸነፍ ብዙ ሰው ይደነግጣል። አንዱ ምክንያት የቆጠራው ስልት ነው። አካዳሚው በ2010ሩ ሥነ ሥርዓት የምርጥ ፊልም እጩዎችን ከአምስት ወደ አሥር ሲያሳድግ ደረጃ የማውጣት ድምፅ አሰጣጥን አብሮ አመጣ። እጩዎቹ እንዲበዙ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት “ዘ ዳርክ ናይት” ከእጩዎቹ መቅረቱ ያስነሳው ቁጣ መሆኑ ይነገራል።

ስልቱ እንዲህ ነው። በፈረንሳይ ለጋሲዮን 100 የፊልም አፍቃሪዎች ተሰብስበው ከሦስት ፊልሞች አንዱን ሊመርጡ ነው እንበል። እያንዳንዱ ሰው ሦስቱንም በምርጫው ቅደም ተከተል ይጽፋል። በአንደኝነት ፊልም “ሀ” 40፣ ፊልም “ለ” 35፣ ፊልም “ሐ” 25 ድምፅ አገኙ። በተለመደው ቆጠራ “ሀ” አሸነፈ ይባል ነበር። በዚህ ስልት ግን ከግማሽ በላይ ያገኘ ስለሌለ የመጨረሻው “ሐ” ይወጣና የ25ቱ ሰዎች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይዛወራል። ከእነሱ 20ው “ለ”ን፣ አምስቱ “ሀ”ን ሁለተኛ አድርገው ከሆነ፣ “ለ” 55፣ “ሀ” 45 ሆኑ። ዋንጫውን የወሰደው “ለ” ነው።

ብዙ ሰው አጥብቆ የወደደው፣ ሌላው ብዙ ሰው ደግሞ አጥብቆ የጠላው ፊልም በዚህ መንገድ ይሸነፋል። ማንም እጅግ ያልጠላው፣ ሁሉም በመጠኑ የወደደው ያሸንፋል። የጥሩ ፊልም መለኪያ ይህ መሆን አለበት ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል። “ድምፅ ሰረቁ” ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በሌሎቹ የኦስካር ዘርፎች አሸናፊውን የሚለየው ቀላሉ አብላጫ ድምፅ መሆኑንም ልብ ይሏል።

አንድ የቆየ ሐሜት በቅርቡ መልስ አግኝቷል። መራጮች ያላዩት ፊልም ላይ ድምፅ ይሰጣሉ የሚለው ነው። አካዳሚው በ2025 ባወጣው ደንብ አንድ አባል በመጨረሻው ዙር ድምፅ ለመስጠት በዚያ ዘርፍ ያሉትን እጩዎች በሙሉ ማየት ግድ ሆኖበታል። ደንቡ እስከዚያ አለመኖሩ ሐሜቱ መሠረት እንደነበረው ይጠቁማል።

ጥርጣሬው ትክክል ሲሆን

ደንብን ማየት ሁልጊዜ ለሸላሚው አይፈርድም። ከወላጆቹ በኩል ኢትዮጵያዊ የሆነውና በቶሮንቶ የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ በመድረክ ስሙ ዘ ዊክንድ፣ ሁለቱንም ዓይነት አይቷል። “ኧርንድ ኢት” በተባለው ዘፈኑ በ2016 ለኦስካር የምርጥ ዘፈን እጩ ሆነ፤ በመድረኩም ዘፈነ፤ ሽልማቱን ሌላ ወሰደው። ያ ተራ መሸነፍ ነው።

በኅዳር 2020 ግን የሙዚቃው ዓለም ግራሚ እጩዎቹን ሲያስታውቅ በዓመቱ ከፍተኛ ተወዳጅነት ያገኘው “አፍተር አወርስ” አልበም ባለቤት በአንድም ዘርፍ አልተጠራም። አርቲስቱ ሸላሚውን ድርጅት በሙስና ከሰሰ፤ ቀጥሎም ሥራዎቹን ለውድድር እንደማያቀርብ አስታወቀ። ቁጣው ዝም ብሎ ቁጣ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ደንብ መሠረት የአባላቱ ድምፅ ከተቆጠረ በኋላ፣ ስማቸው በማይታወቅ ሰዎች የተዋቀሩ ኮሚቴዎች በብዙ ዘርፎች የመጨረሻዎቹን እጩዎች ይመርጡ ነበር። ሸላሚው ድርጅት በሚያዝያ 2021 መጨረሻ ኮሚቴዎቹን አስቀረ። አቤልም በ2025 ወደ ግራሚ መድረክ ተመልሶ ዘፈነ።

በፊልሙም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በ2015 እና በ2016 ለኦስካር በየዓመቱ በትወና ከታጩት 20 ተዋንያን ሁሉም ነጮች ነበሩ። አካዳሚው በ2016 መጀመሪያ የሴትና የአናሳ ወገን አባላቱን ቁጥር በአራት ዓመት በእጥፍ ለማሳደግ ወሰነ። በ2021 ደግሞ ጎልደን ግሎብን ይሰጡ ከነበሩት 87 ጋዜጠኞች አንድም ጥቁር እንደሌለ ሲጋለጥ፣ የቀጣዩ ዓመት ዝግጅት ያለ ቴሌቪዥን ሥርጭት ተካሄደ። ለውጥ የመጣው ተከራካሪዎች “እገሌ ተበደለ” ከማለት አልፈው “መራጮቹ እነማን ናቸው?” ብለው በመጠየቃቸው ነው።

አንድ ፖስታ ያበላሸው ሌሊት

የካቲት 19 ቀን 2009 ዓ.ም. በተካሄደው የኦስካር ሥነ ሥርዓት በአዲስ አበባ የተወለደችው፣ ከኢትዮጵያዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት የተገኘችው ሩት ነጋ “ላቪንግ” በተባለው ፊልም ለምርጥ ሴት ተዋናይነት ታጭታ ነበር። ሽልማቱን የ“ላ ላ ላንድ”ዋ ኤማ ስቶን ወሰደችው።

የዚያ ዘርፍ ፖስታ ታሪክ ግን በዚህ አላበቃም። ለእያንዳንዱ ዘርፍ ሁለት ፖስታ ይዘጋጃል፤ አንዱ ከመድረኩ በስተቀኝ፣ ሌላው በስተግራ። አቅራቢው በየትኛውም በኩል ቢወጣ ፖስታው እንዲደርሰው ነው። የምርጥ ፊልም አሸናፊን ለማስታወቅ ለወጡት ዋረን ቢቲና ፌይ ዳናዌይ የተሰጣቸው ሥራ ላይ ያልዋለው የምርጥ ሴት ተዋናይ ፖስታ ሆነ። “ላ ላ ላንድ” ተባለ፤ ሠሪዎቹ ወጥተው ምስጋና ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ትክክለኛው አሸናፊ “ሙንላይት” መሆኑ የተነገረው። በቀጣዩ ዓመት ቁጥጥሩ ጠበቀ። ሦስተኛ የፖስታ ስብስብ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ እንዲኖር፣ የሂሳብ ባለሙያዎቹም በዝግጅቱ ወቅት ስልክ እንዳይነኩ ተደረገ።

ስህተቱ በመድረክ ላይ ወዲያውኑ ታረመ፤ የተጎዳው ግን አሸናፊው ነው። የ“ሙንላይት” ሠሪዎች ንግግር በግርግሩ ተዋጠ። እስከ ዛሬ ያ ሌሊት የሚታወሰው በፊልሙ ሳይሆን በፖስታው ነው።

መድረክ መሪው ምን ያህል ይጠቅማል?

የመድረክ መሪ ጉዳይም በስሜት የሚያከራክር ነው። ለ2019ኙ ኦስካር የተመረጠው ኮሜዲያን ኬቨን ሃርት በቀድሞ ጽሑፎቹ ሳቢያ ራሱን አገለለ፤ ዝግጅቱም ያለ ዋና መሪ ተካሄደ። ብዙዎች ውድቀት ጠብቀው ነበር። የአሜሪካ ተመልካች ቁጥር ግን ከቀደመው ዓመት 26.5 ሚሊዮን ወደ 29.6 ሚሊዮን ገደማ ከፍ አለ። ይህን ይዞ “መሪ አያስፈልግም” ማለትም አይቻልም። ቀደም ሲል በ1989 ያለ መሪ የተካሄደው ዝግጅት በመክፈቻ ትርኢቱ ምክንያት መሳለቂያ ሆኖ፣ ዲዝኒ ኩባንያም የበረዶይቱ ልዕልት ገጸ ባሕርይ ያለ ፈቃዴ ታየች ብሎ ክስ እስከ መመሥረት ደርሶ ነበር።

በ2022 ዊል ስሚዝ ክሪስ ሮክን በጥፊ የመታበት ሌሊት ሦስት ሴት መሪዎች ነበሩት። ሮክ የዝግጅቱ መሪ አልነበረም፤ የምርጥ ዶክመንተሪ ሽልማትን ለመስጠት የወጣ አቅራቢ ነበር። ስሚዝ በዚያው ሌሊት የምርጥ ተዋናይነት ሽልማቱን ተቀበለ፤ በኋላ ግን ከአባልነት ለቀቀ፤ ለአሥር ዓመት በአካዳሚው ዝግጅቶች እንዳይገኝም ተወሰነበት። ከጥፊው በኋላ ወዲያው ሽልማቱ የተሰጠው “ሰመር ኦፍ ሶል” የተባለውን ዶክመንተሪ ስንት ሰው ያስታውሰዋል?

በሀገራችን መድረኮችም አንባቢ የሚያውቃቸው ቅሬታዎች አሉ። ዝግጅቱ በሰዓቱ አይጀመርም፤ የስፖንሰር ንግግር ይረዝማል፤ ድምፅ ማጉያው ይጮሃል፤ ቀልዱ አንዳንዱን ያስከፋል። የጥሩ መድረክ መሪ ሥራ ሰዓት መጠበቅ፣ ስም በትክክል መጥራት እና አሸናፊው እንዲናገር ቦታ መልቀቅ ነው። የቀረው ተጨማሪ ነው።

የዘገየ ክብር

ሽልማት ፍርድ እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም። የኃይሌ ገሪማ “ሳንኮፋ” በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ዋና ውድድር ቀረበ። ባርነትን በባሪያዎቹ ዓይን የሚያሳየው ይህ ፊልም በአሜሪካ አከፋፋይ አጣ። ኃይሌና ባልደረቦቹ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ ማኅበረሰቡን እያስተባበሩ ከከተማ ከተማ ራሳቸው አሳዩት። ከ28 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2014 ዓ.ም.፣ ሎስ አንጀለስ የተከፈተው የአካዳሚው የፊልም ሙዚየም ለኃይሌ የመጀመሪያውን “ቫንቴጅ” ሽልማት ሰጠው። ታድሶ የተዘጋጀው “ሳንኮፋ”ም በዚያው ሰሞን በኔትፍሊክስ ቀረበ። ፊልሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መራጩ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በኢትዮጵያ የፊልም ውድድር ቀስ በቀስ ነው ያደገው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ይርጋሸዋ ተሾመ የመሠረተው የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፊልም ፌስቲቫል ለሀገር ውስጥ ሥራዎች መድረክ ከፈተ። በዳይሬክተር ዮናስ ብርሃነ መዋ መሥራችነት በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የጉማ ፊልም ሽልማት ደግሞ በባለሙያዎች ዘንድ በጉጉት የሚጠበቅ ሆነ። ሽልማቱ ስሙን የወሰደው ሚሼል ፓፓታኪስ በ1966 ዓ.ም. ካዘጋጀው “ጉማ” ፊልም ነው። ቃሉ በኦሮሞ ባህል የደም ካሳና የእርቅ ሥርዓት መጠሪያ ነው። በሥርዓቱ በዳይና ተበዳይ በሽማግሌዎች ፊት ቀርበው፣ ካሳው በታወቀ ደንብ ተቆርጦ ጠቡ ይዘጋል።

ስሙ ለሽልማት መድረክ ተስማሚ ነው። ገበያው ጠባብ በሆነበት፣ ኮፒ ገበያውን በሚሻማበት ሀገር ለአንድ ፊልም ሠሪ ሽልማት ከዋንጫ በላይ ነው። ለቀጣይ ሥራው ገንዘብ የሚያገኝበት፣ ቴሌቪዥን የሚገዛው፣ የውጭ ፌስቲቫል የሚጠራው በዚያ ሊሆን ይችላል። ሽልማቱ ካልታመነ ግን ጥሩዎቹ ፊልሞች መቅረባቸውን ያቆማሉ፤ ጥሩዎቹ ያልቀረቡበት ሽልማት ደግሞ የሚያሸንፈውንም አያስከብርም።

ስለዚህ በቀጣዩ ሽልማት ማግስት ክርክር የሚገጥም ሰው አስቀድሞ እነዚህን ይጠይቅ፦

– ፊልሙ ለውድድር ቀርቦ ነበር? ያቀረበውስ ማን ነው?

– ደንቡ ከውድድሩ በፊት በጽሑፍ ወጥቷል?

– ዳኞቹ እነማን ናቸው? ከተወዳዳሪ ፊልም ጋር የሥራ ወይም የሥጋ ዝምድና ያለው ዳኛ በዚያ ዘርፍ ከመፍረድ ይነሳል?

– የዳኞችና የሕዝብ ድምፅ ተደባልቆ ከሆነ የእያንዳንዱ ድርሻ ስንት በመቶ ነው?

– ቆጠራውን ከአዘጋጁ ውጭ የተመለከተው ማን ነው?

– ቅሬታ ያለው ሰው ለማን፣ እስከ መቼ ማቅረብ ይችላል?

ለእነዚህ መልስ የሰጠ አዘጋጅ ተሸናፊው ቢያኮርፍም መድረኩ ይጸናል። መልስ ያልሰጠ አዘጋጅ ግን ትክክለኛውን ፊልም ቢሸልም እንኳ “ተሠርቶበታል” ከሚለው ሐሜት አያመልጥም፤ የሚያስተባብልበት ነገር የለውምና።